በፎገራ ሜዳ ለሩዝ የሚጣለውን ደረቅ ማዳበሪያ በግራም ስለ መመጠን

ክቡራን የየወረዳውና የየቀበሌው ሹማምንት፥ መሬትም ያላችሁ ባለ እርሻዎች ሆይ፤ በዚህ እትም ልናመለክታችሁ የፈለግነው ነገር በዐይን ሲያዩት እጅግ ትንሽ ነው፤ በሥራው ግን የአንድን ቤተ ሰብ ዓመት እስከ መወሰን ይደርሳል። ይኸውም ገበሬው በአንድ ጊዜ ከጆንያው ዘግኖ በማሳው ላይ የሚበትነው አንድ ጭብጥ ማዳበሪያ ነው። ስለ ኩንታሉ፥ ስለ ማጓጓዣው፥ ስለ ዋጋውና ስለ ዕዳው ብዙ ደብዳቤ ይጻፋል፥ ብዙ ስብሰባም ይደረጋል። ኩንታሉ ከቀበሌው መጋዘን ወጥቶ በገበሬው ደጅ ከወረደ በኋላ ግን በአንዲት ካሬ ሜትር መሬት ላይ ስንት ግራም እንዳረፈ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ሰብሉ ደግሞ የሚበላው በኩንታል ሳይሆን በግራም ነው።

ስለ ፎገራ ለማታውቁት ጥቂት እንበል። ከባሕር ዳር ወደ ጐንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ወረታ ይደረሳል። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚሄደው መንገድም ከዚያው ይለያል። ከከተማይቱ በስተ ምዕራብ እስከ ጣና ሐይቅ ድረስ የተንጣለለው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፥ መሬቱም በክረምት የሚጣበቅ፥ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቍር ዋልካ ነው። የርብና የጕማራ ወንዞች ከጕና ተራራ ወገን ደለል እየጠረጉ በሜዳው መካከል አልፈው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ በሐምሌና በነሐሴም ከዳርቻቸው ወጥተው ሜዳውን ያለብሱታል። ቀድሞ ይህ አገር የታወቀው በከብቱ ነበር። የፎገራ ላም በወተቷ፥ የፎገራ በሬም ውሃ በተኛበት ረግረግ ውስጥ ገብቶ በመጋጥ ስመ ጥር ነው። ውሃው ለሣር እንጂ ለጤፍና ለዳጉሳ አይመችም ነበርና አብዛኛው መሬት የግጦሽ ሆኖ ኖረ።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ባለ ሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ዘንድ ሩዝን ሲሞክሩ፥ ለሌላው እህል ጠላት የነበረው ውሃ ለዚህ ወዳጅ ሆኖ ተገኘ። ኤክስ ጅግና የተባለውም ዝርያ ስሙን ከዚያው ከጅግና አግኝቷል። ዛሬ የፎገራ ሰው ሩዝን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ እንጀራ ይጋግራል፥ ጠላም ይጠምቃል፥ ገለባውን ለከብት ይሰጣል፤ «ነጭ ወርቅ» ብሎም ይጠራዋል። በወረታም ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቍሟል። ስለዚህ ማዳበሪያ በውሃ ውስጥ ለሚበቅል አዝርዕት እንዴት እንደሚሰጥ ማወቅ በአገራችን ከማንም ይልቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ሜዳ ሰው ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንግባ። በጆንያው ላይ የሚጻፈው ቍጥር ለጌጥ የተጻፈ አይደለም። ዩሪያ ከ100 ኪሎው ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው። ቀድሞ ይታደል የነበረው ዳፕ በመቶው 18 ናይትሮጅንና 46 ፎስፈረስ ነበረው፤ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የተተካበት ኤን ፒ ኤስ ግን 19 ናይትሮጅን፥ 38 ፎስፈረስና 7 ድኝ አለበት። ፎስፈረሱ የሚቈጠረው ከኦክስጅን ጋር እንደ ተዋሐደ አድርጎ ነው፤ ይህ የንግዱ ልማድ ስለ ሆነ ቍጥሩን እንዳለ መቀበል ይበቃል። እንግዲህ ለምሳሌ ያህል በአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ኤን ፒ ኤስና 100 ኪሎ ዩሪያ እንዲጣል ተወስኗል እንበል። (ትክክለኛው ልክ እንደ አፈሩና እንደ ዝርያው ስለሚለያይ ከምርምር ማዕከሉና ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይገባል፤ እኛ የምናሳየው የሒሳቡን መንገድ ነው።) ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነውና፥ 100 ኪሎ በሄክታር ማለት በካሬ ሜትር 10 ግራም ማለት ነው። ጥማድ የሄክታር ሩብ፥ ማለት 50 ሜትር በ50 ሜትር ሲሆን 25 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህም የአንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ እኩሌታ ነው። ዩሪያው ደግሞ በሁለት ጊዜ የሚከፈል ስለ ሆነ፥ በእያንዳንዱ ጊዜ በካሬ ሜትር 5 ግራም ብቻ ያርፋል። አንድ ማዕድ በሚያህል መሬት ላይ 5 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ከጫፉ ትንሽ ከፍ ብሎ ሲሞላ ነው። ይህን የሚያህል ጥቂት ነገር በጭብጥ አካፍሎ ማዳረስ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ እዩት።

ገበሬው ግን «እጄ ሚዛኔ ነው» ይላል። ይህን ቃል በንቀት ልናልፈው አይገባም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው፥ ቀለም በጥባጩ ጥላሸቱን፥ ቅጠሉንና ውሃውን በዐይኑ ብቻ እየመጠነ መቶ ዓመት የማይደበዝዝ ቀለም ያወጣል። ዐይኑ እንዲህ የታመነው ግን ያው ሰው፥ በዚያው ገበታ፥ ያንኑ ጥላሸት ብዙ ዘመን ስለ በጠበጠ ነው። የማዳበሪያው ነገር እንዲህ አይደለም። እጁ ዳፕን ለምዶ ሳለ ኤን ፒ ኤስ መጣበት፤ ቀጥሎም ቦሮን የተጨመረበት ዐይነት መጣ። ዩሪያውም አንድ ዓመት ደቃቅ፥ በሌላው ዓመት ፍሬው ተለቅ ያለ ሆኖ ይገባል። አንድ ሊትር በሚይዝ ዕቃ ዩሪያ ቢሞሉበት ሦስት አራተኛ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ዕቃ ዳፕ ወይም ኤን ፒ ኤስ ቢሞሉበት ግን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ስለዚህ በአንድ ጣሳ ሁለቱን የሚሰፍር ሰው ሳያውቀው ከአንደኛው ሩብ ያህል ያጐድላል ወይም በሌላው ሩብ ያህል ያበዛል። የጣሳው ስፍር ክብደትን አይናገርም፤ የሚናገረው ስፋትን ነው።

ይህ ስሕተት ለአገራችን አዲስ አይደለም። የአንዱ ገበያ ቍና ከሌላው ገበያ ቍና ጋር ሳይተካከል ብዙ ዘመን ኖሯል፤ ነጋዴም ከአንዱ ሰፍሮ በሌላው እየሸጠ በልዩነቱ ያተርፍ ነበር። ለወርቅና ለውድ ነገር ግን አባቶቻችን ስፍርን አልታመኑም። ወቄትን ይጠቀሙ ነበር፤ ለወቄቱም ማርያ ትሬዛ የተባለውን ጠገራ ብር ድንጋይ አድርገው በሚዛን ላይ ያኖሩት ነበር፤ እርሱም 28 ግራም ይመዝናል። ዛሬ ማዳበሪያ ገበሬው በዓመት ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ከሚገዛቸው ነገሮች ሁሉ የከበደው ሆኗልና፥ ከቍና ወገን ወጥቶ ወደ ወቄት ወገን መግባት ይገባዋል።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ ወጪ የለበትም። በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጋዘን አንድ ሚዛን አለ። ይህ ሚዛን ጆንያ ለመመዘን የተሠራ ስለ ሆነ 100 ግራም አያሳይም፤ ቢያሳይም አይታመንም። ዘዴው እንዲህ ነው። አንድ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይወሰዳል። ማዳበሪያው በጣሳው ይሞላል፤ ሳይጠቀጠቅና ሳይነቀነቅ አፉ በቀጥ ያለ እንጨት ይጠረጋል። እንዲህ እየተደረገ 50 ጊዜ በባልዲ ውስጥ ይገለበጣል። ባዶው ባልዲ አስቀድሞ ተመዝኖ፥ አሁን ከነማዳበሪያው ይመዘናል፤ ልዩነቱም ለ50 ይካፈላል። ሚዛኑ 100 ግራም ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱ ለ50 ስለሚካፈል በአንድ ጣሳ ላይ 2 ግራም ብቻ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጣሳው ስንት ግራም እንደሚይዝ ይታወቃል፤ ከተፈለገው በላይ የሚይዝ ከሆነ ከአፉ በመቀስ ተቈርጦ ሂደቱ ይደገማል። ለዩሪያ አንድ ጣሳ፥ ለኤን ፒ ኤስ ሌላ ጣሳ መሆን አለበት፤ አንዱ ቀይ፥ ሁለተኛው ነጭ ቀለም ቢቀባ ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ አይሳሳትም። ጆንያው ከሌላ ፋብሪካ በመጣ ቍጥር መለካቱ እንደ ገና ይደረግ።

መጋዘኑ ሩቅ ለሆነበት ሰው ደግሞ በቤት የሚሠራ ሚዛን አለ። የአንድ ክንድ ርዝመት ያለው ቀጭን ዘንግ መካከሉ ላይ በክር ይንጠለጠላል፤ ከሁለቱ ጫፎች እኩል የሆኑ ሁለት የቆርቆሮ ክዳኖች ይታሰራሉ። ባዶውን ሲያንጠለጥሉት ዘንጉ ቀጥ ብሎ ካልቆመ፥ ቀጥ እስኪል ድረስ በቀለለው በኩል ትንሽ ጭቃ ይለጠፍበታል። ድንጋዩ ውሃ ነው። ንጹሕ ውሃ አንድ ሚሊ ሊትሩ አንድ ግራም ይመዝናልና፥ በጤና ጣቢያ የሚገኘው ባለ 10 ሚሊ ሊትር የመርፌ ስሪንጅ ያለ መርፌው ትክክለኛ የ10 ግራም መመዘኛ ይሆናል። በአንደኛው ክዳን 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ተጨምሮ፥ በሌላው ዘንጉ እስኪስተካከል ድረስ ማዳበሪያ ይጨመርበታል። ሚዛኑ እውነተኛ መሆኑን ለመመርመር የሁለቱን ክዳኖች ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል፤ የተመጣጠነው ሳይናጋ ከቀረ ክንዶቹ እኩል ናቸው። የትምህርት ቤት ልጆች ይህን በአንድ ሰዓት ይሠሩታል፤ አባቶቻቸውም ከልጆቻቸው ሲያዩት ከባለ ሙያ ንግግር ይልቅ ያምኑታል።

መሬቱም ራሱ መለካት ይገባዋል። ጥማድ በመጀመሪያ አንድ ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ማለት ነበርና፥ እንደ በሬው ጕልበትና እንደ አፈሩ ይሰፋል፥ ይጠባል። በፎገራ ደግሞ ማሳው በወንዙ ጠመዝማዛ ልክ የተቈራረሰ ነው። «ግማሽ ጥማድ ነው» የተባለው ማሳ ሲለካ ከዚያ ያነሰ ሆኖ ከተገኘ፥ ጣሳው ቢስተካከልም ማዳበሪያው ያለ ልክ ይበዛል። የይዞታ ደብተር ያለው ሰው ስፋቱን ከዚያ ይመልከት፤ ሌላው በየ10 ሜትሩ ቋጠሮ ያለበት 50 ሜትር ገመድ ያዘጋጅ። ከዚያም ማሳውን በችካል 10 ሜትር በ10 ሜትር እየከፈለ ይለየው። እያንዳንዱ ክፍል 100 ካሬ ሜትር ስለ ሆነ፥ ባነሣነው ምሳሌ መሠረት አንድ ኪሎ ኤን ፒ ኤስ ይደርሰዋል፤ በጥማዱ ውስጥ 25 ክፍሎች አሉ። ለሚበትነው ሰው 25ቱን ኪሎ ባንድነት አሸክሞ መልቀቅ ሳይሆን፥ ለየክፍሉ አንድ አንድ ኪሎ እየሰፈሩ መስጠት ነው። ግማሹን ኪሎ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፥ ግማሹን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየሄደ ቢበትነው የእጁ ጕድለት በሌላው ዙር ይሸፈናል። ዩሪያው 5 ግራም ብቻ ስለ ሆነ ከእጥፉ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ጋር ቢደባለቅ ለእጅ ይመቻል፤ የተደባለቀው ግን በዚያው ቀን መበተን አለበት።

በመስመር ለሚዘራ ወይም ለሚተክል ሰው ሥራው ይቀልለታል። በመስመርና በመስመር መካከል 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፥ አንድ ሜትር መስመር የሚይዘው መሬት የካሬ ሜትር አምስተኛ ነው፤ ድርሻውም 2 ግራም። 50 ሜትር የሚረዝመው መስመር 100 ግራም ይቀበላል፤ በጥማድ ውስጥ 250 መስመሮች አሉና ጠቅላላው ያው 25 ኪሎ ይሆናል። ከያንዳንዱ መስመር 20 ግራም፥ ማለት ከአንድ እፍኝ በጣም ያነሰ፥ ቢበልጥ በጥማዱ 5 ኪሎ፥ በሄክታር 20 ኪሎ ያለ ሥራ ይጠፋል። ይህ ከመጋዘን ቢሰረቅ ኖሮ መርማሪ ይላክበት ነበር።

በዚህ ነገር ከሌሎች አገሮች የምንማረው አለ። በኒጀርና በአካባቢው ባሉ የሳህል አገሮች ኢክሪሳት የተባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅት ለድኻ ገበሬ ያስተማረው ዘዴ የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪ ነው። አንድ ቆርኪ 6 ግራም ያህል ማዳበሪያ ይይዛል፤ ገበሬውም በማሽላው ወይም በዘንጋዳው ጕድጓድ ውስጥ በዚህ እየሰፈረ ያኖራል። ቆርኪ በወረታ መንገድ ዳር ሁሉ ወድቆ የሚገኝ ነገር ነው፤ በእኛ ሒሳብ አንድ ቆርኪ ለሦስት ሜትር መስመር ይበቃል ማለት ነው፤ በእርግጥ አስቀድሞ ከላይ ባልነው ሚዛን ተመዝኖ። በባንግላዴሽ ደግሞ ሩዝ ተካዩ ዩሪያን በመኪና ተጨምቆ እንደ ከረሜላ ጠጥሮ ያገኘዋል። አንዱ ፍሬ 1.8 ወይም 2.7 ግራም ሲሆን፥ በአራት የሩዝ ችግኞች መካከል ከ7 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት በጭቃው ውስጥ ይቀበራል። ፍሬው ራሱ ሚዛን ሆነለት፤ መቍጠር እንጂ መስፈር አላስፈለገውም። ይህ መንገድ ለፎገራም ቢመረመር መልካም ይመስለናል፤ ነገር ግን ችግኝን በመስመር መትከል ለማይወድ፥ በብተና ለለመደ ገበሬ የጕልበቱ ወጪ ቀላል አይደለም።

ባንግላዴሾች ዩሪያን ስለ ምን ይቀብሩታል? እዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል፤ የነገሩ ሥር ይኸው ነውና። በከተማ ዓሣንና የውሃ ተክልን በመስታወት ገንዳ ውስጥ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ለገንዳው ተክል ደረቅ ማዳበሪያ በሩብ የሻይ ማንኪያ ወይም በወርቅ ሠሪ ሚዛን እየለኩ ይሰጣሉ፤ ለ100 ሊትር ውሃ አንድ ግራም ተኩል የፖታስየም ናይትሬት ይበቃል። በዚህ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 0.2 ግራም ነው። ከዚህ ቢያበዙ ተክሉ ሊበላው ስለማይችል አልጌ የተባለው አረንጓዴ ነገር መስታወቱን ይሸፍነዋል፤ ዓሣውም ይታመማል። አሁን የሩዝ ማሳን አስቡ። 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ የተኛበት አንድ ካሬ ሜትር ማሳ የሚይዘው ውሃ ልክ 100 ሊትር ነው፤ ማለት ከዚያ የመስታወት ገንዳ ጋር እኩል ነው። በዚህ ላይ 5 ግራም ዩሪያ ሲጣል 2.3 ግራም ናይትሮጅን ይገባበታል፤ ባለ ገንዳው ከሚሰጠው አሥራ አንድ እጥፍ ይበልጣል። ሩዙ ይህን ያህል የሚፈልገው በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ሳምንት ነው። ስለዚህ ማዳበሪያው በውሃው ላይ ሳይሆን በጭቃው ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ጭቃው ጎተራው ነው።

በውሃው ላይ የቀረ እንደ ሆነ የሚደርስበት ይህ ነው። ዩሪያ በውሃ ሟሙቶ በጥቂት ቀን ውስጥ ወደ አሞኒየም ይለወጣል። በቀን በፀሐይ ጊዜ አልጌው ከውሃው አየር ስለሚስብ ውሃው እንደ አመድ ውሃ ባሕርይ ይይዛል፤ አሞኒየሙም አሞኒያ ሆኖ ወደ ሰማይ ይተናል። የተረፈው ከጭቃው ገጽ ላይ ወደ ናይትሬት ይለወጥና፥ አየር ወደሌለበት ወደ ታችኛው ጭቃ ሲወርድ በዚያ ባሉ ደቂቃን ሕዋሳት ተበልቶ አየር ሆኖ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ውሃ በተኛበት ማሳ ከሚጣለው ናይትሮጅን ውስጥ ሩዙ ራሱ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከእኩሌታው ያነሰ፥ ከመቶ 30 እስከ 40 እጅ የሚሆነው ነው። ታዲያ ገበሬው «ማዳበሪያው አልሠራም» ብሎ በሚመጣው ዓመት ቢጨምር ይፈረድበታልን? የጨመረው ግን መድኀኒት አይሆነውም። ናይትሮጅን የበዛበት ሩዝ ቅጠሉ ጠቍሮ ያምራል፤ ግንዱ ግን ይለሰልስና በነፋስ ይጋሸባል፤ ብላስት የሚባለው በሽታም ይፈጥንበታል።

ስለዚህ ሥርዐቱ ይህ ነው። ኤን ፒ ኤስ በሙሉ በዘር ወይም በተከላ ጊዜ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል፤ ዘሩን ግን መንካት የለበትም፥ ያቃጥለዋልና። የዩሪያው የመጀመሪያ ክፍል ሩዙ አቈጥቍጦ ልጅ ሲያበዛ፥ ሁለተኛው ዛላው በግንዱ ውስጥ መቋጠር ሲጀምር ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ አስቀድሞ ውሃው ቀንሶ ጭቃው እስኪታይ ድረስ ይጠበቃል፤ አረም ይነቀላል፥ ለአረም የተሰጠ ዩሪያ አረምን ማቀለብ ነውና፤ ከዚያ ተበትኖ በእግር ወይም በእጅ ወደ ጭቃው ይገባል፤ ውሃውም ቀስ ብሎ ይመለሳል፥ ለጥቂት ቀንም የአፈር ድንበሩ ተዘግቶ ይጠበቃል። ሰማዩ ከባድ ዝናብ በሚያሳይበት ቀን መበተን ግን ገንዘብን በጕማራ ወንዝ ላይ መጣል ነው። በፎገራ የማሳው ውሃ ሁልጊዜ በገበሬው እጅ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ርብ ሲሞላ ማንንም አይጠይቅም። ሆኖም የጐርፉን ጊዜ የአገሩ ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቀዋልና፥ ቀኑን መምረጥ ይችላል።

ከማሳው የወጣው ወዴት ይሄዳል ቢሉ ወደ ጣና ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እምቦጭ የሚባለው አረም በሐይቁ ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ፥ በፎገራም በኩል ተስፋፍቶ የዓሣ አጥማጁን ታንኳ አግዷል፥ የከብቱን የውሃ መውረጃም ዘግቷል። እምቦጭ የሚጠግበው ከውሃው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። በደሉን ሁሉ በሩዝ ገበሬው ላይ መጫን ግን ቅን ፍርድ አይደለም፤ ከተራራው የሚታጠበው አፈርና ከየከተማው የሚወርደው ቆሻሻ ድርሻቸው አለበት። ነገር ግን ሌላውን እስክንከለክል ድረስ የገዛ ገንዘባችንን ለእምቦጭ መቀለብ አይገባንም። አርሶ አደሩ በብድር የገዛውን ማዳበሪያ ወንዙ ወስዶ አረም አበቀለበት፤ ያንኑ አረም ደግሞ ሥራውን ፈትቶ በዘመቻ ወጥቶ ይነቅለዋል።

ለችግኝ መደብና ለሽንኩርት መደብ ሌላ ቀላል መንገድ አለ፤ ይኸውም ማሟሟት ነው። 100 ግራም ዩሪያ በ10 ሊትር የአትክልት ማጠጫ ውስጥ ቢሟሟና በ20 ካሬ ሜትር መደብ ላይ እኩል ቢረጭ፥ በካሬ ሜትር ያው 5 ግራም ይሆናል፤ በእጅ ከመበተንም ይልቅ ይስተካከላል። ሲሟሟ ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ይህ የዩሪያ ባሕርይ ስለ ሆነ አያስደንግጥ። ከዚያ በኋላ ቅጠሉ እንዳይቃጠል በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ የሚረጨውም በማለዳ ወይም በምሽት ነው። ኤን ፒ ኤስ ግን በሙሉ ስለማይሟሟና ዝቃጩ ከታች ስለሚቀር በዚህ መንገድ አይመጠንም።

አሁን ስለ ጥበቃው። ዩሪያ የክረምትን እርጥበት ከአየር ይስባል። አፉ የተከፈተ ጆንያ በሐምሌ ውስጥ ይረጥብና ይጠጥራል፤ የጠጠረውን ደቍሰው ቢሰፍሩት ጣሳው አይታመንም። ስለዚህ ጆንያው ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ይቀመጥ፥ አፉም ይታሰር። ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ተደባልቀው እንዲያድሩ አይደረግ፤ ሁለቱ በአንድነት ሲሆኑ ውሃ ያወጣሉና። ከሁሉ በላይ ግን ከብቱን ጠብቁ። ዩሪያ በመልኩ ጨውን ይመስላል፤ ላም ወይም በሬ ቢልሰው፥ ጆንያው የታጠበበትን ውሃም ቢጠጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የፎገራ ላም ለዘሯ የሚሆን ግጦሽ በሩዝ ተወስዶባት ሳለ፥ በሩዙ ማዳበሪያ መሞቷ እጅግ ያሳዝናል። ባዶውን ጆንያ ለእህል ማስቀመጫ፥ መስፈሪያውን ጣሳም ለወጥ ቤት የሚመልስ ሰው ሲገኝ ዝም አትበሉ።

ለሹማምንቱ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው፥ ግን ሌላ ሰው ሊሠራው አይችልም። ብዙ ጊዜ አንድ ጆንያ በሁለት ወይም በሦስት አባወራዎች መካከል ይከፈላል፤ ክፍያው የሚደረገው በመጋዘኑ በር ላይ በእጅ በተገኘው ሳህን ነው። የመጨረሻው ተቀባይ ብዙ ጊዜ መበለት ወይም ዘግይቶ የደረሰ ድኻ ሲሆን፥ ለእርሱ የሚደርሰው ጕድለቱ ነው፤ ዕዳው ግን በመዝገብ ላይ እኩል ተጽፏል። ስለዚህ ማንኛውም ጆንያ ሳይመዘን እንዳይከፈል ማዘዝ፥ የመጋዘኑንም ሚዛን በሰኔ መባቻ በሕዝብ ፊት መመርመር ያስፈልጋል። ለምርመራው የታወቀ ልክ ያለው 20 ሊትር ጀሪካን በውሃ ተሞልቶ፥ ባዶው ክብደት ሲቀነስ 20 ኪሎ መምጣት አለበት። ከዚህ ከበለጠ ወይም ካነሰ ሚዛኑ ይታረም፤ እስኪታረም ድረስም ዕደላው ይቁም። ለየቀበሌው ሁለት ሁለት የተመዘኑ ጣሳዎች፥ አንዱ ቀይ፥ አንዱ ነጭ፥ ምን ያህል ግራም እንደሚይዙ በምስማር ተጽፎባቸው፥ ባለ 50 ሜትሩም ገመድ ከእነርሱ ጋር በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለው ለሚጠይቅ ሁሉ ይሰጡ፤ የወሰደው ሰው ስምና የመለሰበት ቀንም በመጋዘን ጠባቂው ደብተር ይጻፍ።